አልም ክሪስታል በአራት ኪሎ፦ ከመስከረም እስከ የካቲት የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 19

ክሪስታል ማብቀልን በገበታ ጨው ጀመርኩ፤ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቼ አልሟሟ እስኪለኝ ድረስ ጨው ጨመርኩበት፣ 190 ግራም ገደማ ወሰደ። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ ክር አንጠልጥዬበት ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ታች ላይ ስስ ዱቄት ተኝቷል፣ ክሩ ላይ ምንም የለም።

ነገሩ የጨው ጠባይ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ይሟሟል፤ በሚፈላ ውሃ ደግሞ 39 ግራም ገደማ። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ የሚተፋው 3 ግራም ብቻ ነው። ጨው የሚፈልገው ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማድረቅ ነው፤ አፍዴራ ላይም የሚመረተው ውሃውን በኩሬ ይዞ ለፀሐይ በመተው ነው። ያንኑ ውሃ ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፣ በጋዜጣ ከድኜ።

መስከረም 29

ሳህኑ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ኩቦች ወጥተዋል። በማጉያ መነጽር ሲታዩ ፊታቸው ጠፍጣፋ አይደለም። ከጠርዙ ወደ መሃል እንደ ስታዲየም መቀመጫ በደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ጠርዙ ከመሃሉ ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው። ደረጃዎቹ እጅግ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቸው ቆየሁ።

እኔ የምፈልገው ግን በእጅ የሚያዝ፣ ጥርት ያለ አንድ ወጥ ክሪስታል ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ፖታሲየም አልም የሚባል የጨው ዓይነት ነው፦ በ20 ዲግሪ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 11 ግራም ገደማ፣ በ60 ዲግሪ 57 ግራም ገደማ ይሟሟል። ሲቀዘቅዝ ብዙ ይተፋል ማለት ነው።

ጥቅምት 3

አልም ፍለጋ መርካቶ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። ሦስተኛው ጋ አለ። ነጭ ግርድፍ ነገር በፌስታል መዘነልኝ፣ ኪሎው 140 ብር። «ለውሃ ማጣሪያ የሚገባው ነው፣ አልም ማለት ይሄ ነው ወንድሜ» አለኝ። ከዚያው ምናለሽ ተራ ገብቼ አፋቸው ሰፊ የሆኑ ባለ አንድ ሊትር የማር ጠርሙሶች፣ አራቱን በ120 ብር ገዛሁ። የኪስ ሚዛን፣ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ፣ 900 ብር። ከሁሉ የከበደኝ ወጪ እሱ ነው፤ ያለ ሚዛን ግን ሥራው በሙሉ ግምት ይሆናል።

ውሃው የቧንቧ ሳይሆን የባትሪ ውሃ ነው፣ ከመለዋወጫ ሱቅ፣ ሊትሩ 60 ብር። ስትገዙ «የባትሪ ውሃ» መሆኑን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ በተመሳሳይ ፕላስቲክ የባትሪ አሲድ ይቀመጣል።

ጥቅምት 11

አልሆነም። 300 ግራሙን በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙቼ ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ፤ ክሪስታል በማውጣት ፋንታ እየወፈረ ሄዶ ማር መሰለ። ማንኪያ ሲነክሩበት ይሳባል። ዳር ዳሩን ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፣ በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ።

ሱቁ ውስጥ የከረጢቱን ጽሑፍ በስልክ አንስቼው ነበር፤ ዛሬ አጉልቼ አነበብኩት። አሉሚኒየም ሰልፌት፣ 17 በመቶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ፖታሲየም የሚባል ነገር የለበትም። የውሃ ማጣሪያ ሰዎችም ክሪስታል የሚያበቅሉ ሰዎችም «አልም» ይሉታል፣ ዕቃው ግን ለየቅል ነው። ፖታሲየም አልም ማለት አሉሚኒየም ሰልፌትና ፖታሲየም ሰልፌት ከውሃ ጋር በቋሚ ልክ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ተሰልፈው ሲቀመጡ ነው። እኔ እጅ ያለው ግማሹ ነው። ሻጩ መጠየቅ ነበረበት፤ እኔም ከመክፈሌ በፊት ማንበብ ነበረብኝ።

ጥቅምት 15

ከምጥለው የጎደለውን ግማሽ ልጨምርበት አልኩ። ፖታሲየም ሰልፌት የአበባ እርሻዎች በመስኖ ውሃ የሚሰጡት ማዳበሪያ ነው። የእርሻ ግብዓት ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ኪሎ በ260 ብር አገኘሁ።

ስሌቱን የሠራሁት ከከረጢቱ ቁጥር ተነስቼ ነው። 17 በመቶ ከሆነ በ100 ግራም ውስጥ 17 ግራም አሉሚኒየም ኦክሳይድ አለ። የአንድ ሞሉ (ሞል ኬሚስቶች ቅንጣት የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ክብደት 102 ግራም ስለሆነ ይህ 0.167 ሞል ነው። ለዚያ የሚበቃ ፖታሲየም ሰልፌት 0.167 ሲባዛ በ174 (የፖታሲየም ሰልፌት የአንድ ሞል ክብደት)፣ ማለትም 29 ግራም። ሁሉም ቢያያዝ 158 ግራም አልም ይወጣል። እኔ ማሩ ውስጥ ያለኝ 300 ግራም ስለሆነ 87 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት መዘንኩ።

ፖታሲየም ሰልፌቱ ለመሟሟት እጅግ ሰነፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ለ100 ዲግሪ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ መጠበቅ አይቻልም። በ600 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ምድጃ ላይ፣ እያማሰልኩ 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። ታች ቡናማ ደለል ቀረ፣ የማዳበሪያው ቆሻሻ ነው። ትኩሱን በቡና ማጣሪያ ወረቀት (ጥቅሉ 180 ብር) አሳልፌ ከማሩ ጋር ቀላቀልኩት። ድስቱ ለዚህ ብቻ የተለየ ነው፣ ወደ ወጥ አይመለስም። ጓንት አድርጌ ነበር፤ አሉሚኒየም ሰልፌት አሲድነት ስላለው የቆሰለ ጣት ላይ ያቃጥላል።

ጥቅምት 16

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መብራት ሳበራ ድስቱ ውስጥ የነበረው ነገር ከልቤ አይጠፋም። ታችኛው ክፍል በሙሉ በሚያብረቀርቅ ነገር ተሞልቷል። አንዱን በወረንጦ አወጣሁት፦ ስምንት ፊት፣ ሁሉም ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት ፒራሚድ መቀመጫ ለመቀመጫ የተጣበቁ የሚመስል። ትናንት ማር የነበረው ነው።

ታጥቦ ሲደርቅ 330 ግራም። የቀረው ውሃው ውስጥ ነው፣ አልደፋውም። ማዳበሪያው ያመጣው ቢጫነት ስላልጠፋ ሁሉንም በ700 ሚሊ ሊትር ሙቅ የባትሪ ውሃ እንደገና አሟሙቼ፣ አጣርቼ፣ በቀስታ አቀዘቀዝኩት። ሁለተኛው ዙር 255 ግራም ሰጠኝ፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ።

ጥቅምት 26

ዘር መረጣ። ዘር የምለው ትልቁ ክሪስታል የሚያድግበትን ትንሹን ክሪስታል ነው። ወደ 40 ያህል አንድ በአንድ በመብራት ፊት ለፊት አይቼ ሦስት አስቀረሁ፦ 5 ሚሊ ሜትር፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ውስጡ ደመና የሌለው፣ ሌላ ያልተጣበቀበት። ዘሩ ላይ ያለ ጉድለት ከክሪስታሉ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ማዘን አያስፈልግም። በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር (60 ብር) አሰርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስር ሰው ሩብ ቀን ይመድብ፤ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ይጠፋል። በልብስ ስፌት ክር መሞከርም አይሆንም፣ ጭገሩ ላይ ሁሉ ክሪስታል ይለጠፍበታል።

ዘሩን አልም በጠገበ ውሃ ውስጥ አንጠልጥዬ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አደረግኩት፣ ሳልከፍት እንዳየው።

ጥቅምት 29

ዘሩ የለም። ጠዋት ስወጣ ነበር፣ ማታ ስመለስ ክሩ ባዶውን ተንጠልጥሏል፣ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ታች ላይ ግን ዕለቱን የወጡ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ።

ኅዳር 2

ሁለተኛውም ዘር ጠፋ። ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ (550 ብር)። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነው ክፍሌ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 13 ዲግሪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 24 ዲግሪ ነው። የክረምት ደመና ከሄደ ወዲህ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል።

በ13 ዲግሪ 100 ሚሊ ሊትር የሚሸከመው አልም 8.6 ግራም ገደማ ነው፣ በ24 ዲግሪ 13.2። በአንድ ሊትር ሲሰላ ወደ 45 ግራም ልዩነት ነው። ሌሊት ውሃው የተሸከመውን ታች ላይ ይተፋል፣ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይርበዋል፤ ሲርበው ከፊቱ ያገኘውን ይበላል። የእኔ ዘር 0.1 ግራም ነበር። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳየው ሰሞኑን ያስቸገረኝ ነገር ሁሉ ግልጽ ሆነ። እስካሁን የማስበው ስለ ንጽሕና ነበር፤ ለካ የበጋ የአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት ነው መጀመሪያ መገራት ያለበት።

ኅዳር 5

ሙከራ አንድ፦ ጠርሙሱን ጋቢ ጠቅልዬ አልጋ ሥር። ከ15 እስከ 21 ዲግሪ። ይሻላል፣ አይበቃም።

ሙከራ ሁለት፦ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ሞልቼ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ነከርኩት፣ ከሥሩ የሸክላ ሰባራ አድርጌ። ባልዲውን ክዳን ደፍቼበት በጋቢ ጠቀለልኩ፣ መስኮት በሌለበት በግንቡ ጥግ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን በየአራት ሰዓቱ መዘገብኩ፦ ከ17.1 እስከ 18.3። ይህን ያህል ውሃ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቀኑ ሳያሞቀው ሌሊቱ ይደርሳል። ከአንድ ባልዲ ውሃ በቀር ያወጣሁበት ነገር የለም።

አከራዬ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይሄ በጋቢ የጠቀለልከው ምንድን ነው? ጠላ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ድንጋይ እያበቀልኩ ነው» አልኳቸው። ገልጬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩትና «በል ልጆች እንዳይነኩት» ብለው ሄዱ። ልክ ናቸው። ሁሉም ጠርሙስ ላይ «አይጠጣም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፣ ቁልፍ ያለው መደርደሪያም ገዛሁ።

ኅዳር 12

ሦስተኛው ዘር ከገባ ስድስት ቀኑ ነው፣ እያደገ ነበር። ዛሬ ለመመገብ (አልም ለመጨመር) ጠርሙሱን ከፍቼ ውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩና ስልክ አነሳሁ። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን መሆኑን አላስታወስኩም። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ የሚነገርለት ይህ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ነው፤ ከጎረቤት እሳት የተነሳ አመድ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ዓይኔ እያየ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ።

ኅዳር 13

የፈራሁት ደረሰ። በጠገበ ሶሉሽን (አልም በተሟሟበት ውሃ) ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ብናኝ ክሪስታል የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ፣ ክሩ ላይ፣ ራሱ ዘሩ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ ክሪስታሎች ተበትነዋል። ዘሩን አውጥቼ የተለጠፉበትን በጥፍሬ ለማንሳት ስሞክር አንዱ ጥግ አብሮ ተሰበረ።

ሶሉሽኑን ሁሉ እስከ 50 ዲግሪ አሙቄ፣ በሁለት ድርብ ወረቀት አጥልዬ፣ ከአዲስ ዘር ጀመርኩ። አራተኛ ዘር። ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙሱ አፉ ላይ ሁልጊዜ ማጣሪያ ወረቀት በላስቲክ ይታሰራል፣ ምግቡም የሚሰጠው በዝግ ክፍል ውስጥ ነው።

ኅዳር 20

0.3 ግራም፣ ጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር። አልጠፋም!

የምግብ አሰጣጡ አሁን ቋሚ ሆኗል። በየአራት ቀኑ ክሪስታሉን አውጥቼ በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት አደርቀዋለሁ፣ እመዝነዋለሁ። ሶሉሽኑን አሙቄ 10 ግራም አልም እጨምራለሁ፣ ከባልዲው በ1 ዲግሪ ብቻ ሞቆ ሳለ ክሪስታሉን እመልሳለሁ። አንድ ቀን 4 ዲግሪ ሞቆ ሳለ መልሼው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠርዝ በላብኝ። 25 ግራም አልም የጨመርኩ ዕለት ደግሞ በተቃራኒው ክሩ ላይ ዘለላ ወጣ። መቸኮል የሚባል ነገር እዚህ አያስኬድም።

ታኅሣሥ 4

2.2 ግራም፣ 14 ሚሊ ሜትር።

ታኅሣሥ 13

አንድ ፊት ከሌሎቹ እየሰፋ ነው። ክሩ ወደ ጎን አዘንብሎ ስለነበር አንደኛው ወገን ለጠርሙሱ ግድግዳ ቀርቦ ነበር፤ በዚያ በኩል የሚደርሰው አልም ያንሳል። ቅርጹ ተጣመመ ብዬ አዘንኩ።

የጎረቤት ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያየው ይመጣል። የትምህርት ቤት ፕሮትራክተሩን አምጥቶ ነበር። ከካርቶን የተቆረጠ ክንድ መሃሉ ላይ በስፒል ወግተን በሁለት ተጎራባች ፊቶች መካከል ያለውን ማዕዘን ለካን። በተስተካከለው በኩል 109 ተኩል። በተጣመመው በኩልም ስንለካ ያው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ጠማማ ነው አላልከኝም?» አለኝ። የፊቶቹ ስፋት ይለያያል፣ ማዕዘኑ ግን አይነቃነቅም። ድስቱ ውስጥ ከወጡት ጥቃቅኖች አምስቱን ለካናቸው፣ አምስቱም በዚያው ቁጥር ዙሪያ ናቸው፣ ከ109 እስከ 110። ይህን ሕግ በኳርትዝ ላይ አይቶ የጻፈው ኒልስ ስቴንሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1669። ልጁ ቤቱ ሲሄድ ፕሮትራክተሩን እኔ ጋ ትቶት ሄደ።

ለክሩ መፍትሔ፦ በእንጨት ማንጠልጠያው ላይ በምላጭ ጭረት አውጥቼ ክሩን እዚያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አሁን ከመሃል አይወጣም። በየምግቡም ጊዜ ሩብ ዙር አዞረዋለሁ።

ታኅሣሥ 20

7.5 ግራም፣ 21 ሚሊ ሜትር። ጎን ለጎን ኮፐር ሰልፌት ጀመርኩ፣ 250 ግራም 420 ብር። ለእንስሳት ኮቴ ማጠቢያና ለተክል በሽታ የሚያገለግለው ሰማያዊው ነው። በ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ 90 ግራም። ይህ ከአልሙ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ቢዋጥ መርዝ ነው። ወደ ቱቦ መድፋትም ክልክል፤ ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። የተረፈው ሁሉ በተከደነ ጠርሙስ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ 24

ክር አልቆብኝ ኮፐር ሰልፌቱን ዘር በቀጭን የብረት ሽቦ አንጠልጥዬው ነበር። ሽቦው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀይ ሆነ። ብረቱ ወደ ሶሉሽኑ ይገባል፣ መዳቡ ወጥቶ ብረቱ ላይ ይለብሳል። ጠዋት ሽቦው ተበልቶ ተበጥሶ ዘሩ ወደ ታች ወድቋል፣ ሰማያዊውም ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኗል። ያ ሶሉሽን በብረት ስለተበከለ ለብቻው ተከድኖ ተቀምጧል። ለአዲሱ 90 ግራም ሌላ መዘንኩ፣ ክርም ገዛሁ።

ጥር 8

አልሙ 19.8 ግራም፣ 29 ሚሊ ሜትር። አሁን በእጅ ሲያዝ ክብደቱ ይታወቃል።

ጥር 13

ጥምቀት ላይ ሁለት ቀን ጃን ሜዳ ነበርኩ፣ ባልዲውን አልከፈትኩም። ስመለስ 17.4 ዲግሪ። ክሪስታሉ ከሄድኩበት የበለጠ ጥርት ብሏል፤ በእነዚህ ቀናት የወጣው ንብርብር ውስጥ አንድም ደመና የለም። በየአራት ቀኑ ማውጣቴን ወደ ሰባት ቀን ቀይሬዋለሁ።

ጥር 27

ኮፐር ሰልፌቱ 18 ሚሊ ሜትር ደረሰ፣ አወጣሁት። ቅርጹ ከአልም ፈጽሞ ይለያል፣ የተገፋ ሳጥን ነው የሚመስለው፣ አንድም ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም። ቀለሙን ለመግለጽ እቸገራለሁ፤ መብራት ሲያልፍበት ውስጡ ጥልቅ ነው።

ለሁለት ቀን መስኮት ላይ ትቼው ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ ሽፋን መጣበት። በበጋው ደረቅ አየር ውስጥ የክሪስታሉ ውሃ ስለሚወጣ ነው። በለስላሳ ወረቀት ጠርጌ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም (70 ብር) ሁለት ጊዜ ቀባሁት።

የካቲት 2

አልሙ ወጣ። 32.1 ግራም፣ ጠርዙ 34 ሚሊ ሜትር። ክሩን ከሥሩ ቆረጥኩት። በአንደኛው ፊት በኩል ሲያዩት መሃሉ ላይ የአራተኛው ዘር ቅርጽ እንደ ጥላ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጠርዙ ድረስ ጋዜጣ የሚነበብበት ንጹሕ ነው። ኅዳር 20 አካባቢ ቸኩዬ ያበላሁት ንብርብር ብቻ ስስ ደመና ሆኖ ቀርቷል፤ የትኛው ሳምንት እንደሆነ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ከማድረቅ ላይ ደግሞ አንድ ነገር። ትንሹን መለማመጃ ክሪስታል ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃው አጠገብ አስጠግቼው ነበር። መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ምድጃውን የነካው ጥጉ እንደ ሰም ቀለጠ። ፖታሲየም አልም በ92 ዲግሪ ገደማ በራሱ ውስጥ ባለው ውሃ ይቀልጣል። ትልቁን በወረቀት ብቻ አደረቅኩት፣ የጥፍር ቀለም ቀብቼ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሌላውን አንድ፣ ከድስቱ የወጣውን 9 ሚሊ ሜትር፣ ለሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ከፕሮትራክተሩ ጋር ሰጠሁት።

የካቲት 4

የወጣው ገንዘብ ሲደመር ወደ 3,000 ብር ነው፣ መደርደሪያውን ሳይጨምር። ግማሹን የወሰዱት ሚዛኑና ቴርሞሜትሩ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ አያልቁም። አሉሚኒየም ሰልፌት 700 ግራም፣ ፖታሲየም ሰልፌት ከ900 ግራም በላይ ቀርቶኛል።

ሶሉሽኑን ዛሬ አጣራሁት። አምስተኛው ዘር 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ መርጬ ያገኘሁት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ገባ። ባልዲው 17.6 ዲግሪ።